ስለ ወለቃ የእጅ ሥራ የተነገረ
በከተማ አጠገብ ያለችን መንደር በእጅ ሥራዋ ለማልማት የሚያስብ ሰው፥ የመሸጫ ዳስ ከመሥራቱ በፊት፥ ከጎንደር በስተ ሰሜን በቅርብ የምትገኘውን ወለቃን ይመርምር።

በዚያ የነበሩት ቤተ እስራኤል የርስት መብት ስላልነበራቸው፥ ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡ ሴቶቹም ሸክላ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። የጎንደር ሰው ማረሻውንና እንስራውን ከእጃቸው ይገዛ ነበር፤ ሠሪውን ግን ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፥ አዋጅ ልማድን በአንድ ቀን አይሽርምና ንቀቱ አልጠፋም። ኋላ ከውጭ አገር ጐብኚዎች ሲመጡ ትናንሾቹ የሸክላ ምስሎች ገበያ አገኙ፤ የተናቀውን እጅ ያከበረው ከሩቅ የመጣ ሰው ሆነ።

ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር ምስሉን ሠርተው የሚሸጡት በቦታው የቀሩት ጎረቤቶቻቸው ናቸው።