ባጃጅ ሲያልፍ የሚጠፋው መስመር

አንደኛ አቅራቢ፦ እህቴ፣ ህዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ተከፈተ፤ «መንገድ ለሰው» ተባለ። ለሸዋ ሮቢትስ ይሆናል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይሆናል እንጂ! ዋናው መንገዳችን ግን የአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ነው፤ እሱ አይዘጋም። የውስጥ ለውስጡን እንያዝ። ደግሞ በማለዳ ይሁን፤ የይፋት ቆላ ፀሐይ ረፋዱ ላይ አታስቆምም።

አንደኛ፦ ሽንኩርትና ማሾ ሲያርም ለሚውለው ገበሬስ?

ሁለተኛ፦ እሱማ ጎንበስ ቀና ሲል ነው የሚውለው። እኔን የሚያሳስበኝ ሱቅና ቢሮ ተቀምጦ የሚውለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ስለ ደም ግፊትና ስኳር ሲመክሩ፣ የሰፈሩን ሰው አሰባስበው በእግር ቢያስኬዱትስ?

አንደኛ፦ ልጆቹስ?

ሁለተኛ፦ ትናንት አመሻሽ ላይ በአንዲት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሁለት ልጃገረዶች መሬቱን በእንጨት ጭረው ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ አየሁ። ባጃጅ ሲመጣ ይሸሻሉ፤ መስመሩን ጎማ ያጠፋዋል። ተመልሰው ይጭራሉ። ሦስት ጊዜ!

አንደኛ፦ እንግዲህ ቀበሌው ይስማን፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ያችን መንገድ ለእነሱ ይተውላቸው።