ድምፅ መስጠትና ድምፅ መቁጠር
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የኅብረታችንን ኮሚቴ ስንመርጥ ብዙ የምንከራከረው ማን ይመረጥ በሚለው ላይ ነው። ድምፁ እንዴት ይቈጠር የሚለውን ግን የጸሐፊው ሥራ አድርገን እናልፈዋለን። ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም የመራጮቹ ሐሳብ ሳይለወጥ የአቈጣጠሩ ደንብ ብቻ ሲለወጥ ተመራጩ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ደንቡን መምረጥ ሰውን ከመምረጥ ያላነሰ ጉዳይ ነው የሚል ነው። ይህን የሚመረምረው ትምህርት ከሒሳብ፣ ከኤኮኖሚክስና ከኮምፒዩተር ጥናት የተውጣጣ ሲሆን ዛሬም ብዙ ያልተፈቱ ጥያቄዎች አሉት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በምሳሌ እንጀምር። 100 አባሎች ያሉት አንድ ክበብ ለዓመታዊ ጕብኝት ከሐረር፣ ከጎንደርና ከጅማ አንዱን ይመርጣል እንበል። 40ዎቹ አባሎች ሐረርን ያስቀድማሉ፤ ጎንደርን ሁለተኛ፥ ጅማን መጨረሻ ያደርጋሉ። 35ቱ ጅማን ያስቀድማሉ፤ ጎንደርን ሁለተኛ፥ ሐረርን መጨረሻ ያደርጋሉ። የቀሩት 25 ጎንደርን ያስቀድማሉ፤ ከነሱም 16ቱ ጅማን፥ 9ኙ ሐረርን ሁለተኛ ያደርጋሉ።

አሁን እንቍጠር። እያንዳንዱ አባል አንድ ቦታ ብቻ ጽፎ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፍ ብንል ሐረር በ40 ድምፅ ያሸንፋል። ይህ ደንብ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1995 በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ የደነገገው ይህንኑ ነው። መጨረሻ የወጣው ተሰርዞ የደጋፊዎቹ ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይተላለፍ ብንል ደግሞ ጎንደር ይወድቅና ጅማ ሐረርን 51 ለ49 ያሸንፋል። ሁለት ሁለቱን እያጋጠምን ብንመዝን ግን ጎንደር ሐረርን 60 ለ40፥ ጅማንም 65 ለ35 ይረታል። ሰዎቹም ሐሳባቸውም ያው ናቸው፤ ሦስቱ ደንቦች ግን ሦስት ልዩ ልዩ ውጤት ሰጡን። እንግዲህ «አባላቱ ሐረርን መረጡ» ብሎ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው፥ 60ዎቹ ከሐረር ይልቅ ጎንደርን ይወዱ እንደ ነበር ሳያውቅ ይጽፋል ማለት ነው።

ሁለት ሁለቱን የማጋጠሙን ሚዛን በ1785 በሰፊው የመረመረው ፈረንሳዊው ማርኪ ደ ኮንዶርሴ ነው። ነገር ግን በዚሁ ሚዛን ውስጥ አንድ እንቅፋት መኖሩንም አሳየ። ሦስት መራጮች ብቻ አሉ እንበል። አንዱ ሐረር፣ ጎንደር፣ ጅማ ብሎ በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ሌላው ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረር ይበል፤ ሦስተኛው ጅማ፣ ሐረር፣ ጎንደር ይበል። ሐረር ጎንደርን 2 ለ1 ይረታል፤ ጎንደርም ጅማን እንዲሁ፤ ጅማም ተመልሶ ሐረርን ይረታል። እያንዳንዱ መራጭ ሐሳቡ የተስተካከለ ሲሆን የማኅበሩ ሐሳብ ግን ክብ ሆኖ ይዞራል።

በ1951 አሜሪካዊው ኬኔት አሮው ነገሩን ከዚህ አሻገረው። አማራጩ ከሁለት በላይ ሲሆን፥ የመራጮችን ቅደም ተከተል ሁሉ ተቀብሎ ወደ አንድ የጋራ ቅደም ተከተል የሚለውጥ ማናቸውም ደንብ ሦስት ቀላል የሚመስሉ ግዴታዎችን ባንድነት ሊፈጽም አይችልም። አንደኛ፥ ሁሉም ሰው አንዱን ከሌላው ካስቀደመ ውጤቱም እንዲያስቀድመው፤ ሁለተኛ፥ የሁለት አማራጮች ብልጫ በሦስተኛው ምክንያት እንዳይለዋወጥ፤ ሦስተኛ፥ የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ሕግ እንዳይሆን። ከዚያም ጊባርድ በ1973፥ ሳተርዝዌይት በ1975 ሌላ ማረጋገጫ ጨመሩ። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ እጩዎች ሊያሸንፉ በሚችሉበት ምርጫ፥ ዕጣ የማይጥልና አንድ ሰው ብቻ የማይወስንበት ደንብ ሁሉ፥ መራጩ እውነተኛ ሐሳቡን ሸሽጎ የሚጠቀምበት አጋጣሚ አያጣም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ምርጫ ከንቱ ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ጕድለት የሌለው ደንብ የለም ማለት ጕድለታቸው ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። ያሁን ዘመን ተመራማሪዎች የሚደክሙትም የትኛው ጕድለት ለየትኛው ሥራ ይቀላል በሚለው ላይ ነው።

ኮምፒዩተር ወደዚህ ጥናት የገባበት ምክንያት ከዚህ ይመጣል። የኦክስፎርዱ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ዶጅሰን፥ በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል ተብሎ የታወቀው ደራሲ፥ በ1876 አንድ የአቈጣጠር ደንብ አቅርቦ ነበር። ባርቶልዲ፣ ቶቪና ትሪክ የተባሉ ሊቃውንት በ1989 እንዳሳዩት፥ በዚህ ደንብ አሸናፊውን ፈልጎ ማግኘት ከታወቁት አስቸጋሪ የስሌት ችግሮች የሚመደብ ነው። እጩዎቹ ሲበዙ ሥራውን ሁልጊዜ በፍጥነት የሚጨርስ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። ለምን እንደሚከብድ ለመገመት፥ 20 እጩዎች በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰለፉ እንደሚችሉ ማስላት ይበቃል፤ ከ2 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን በላይ ነው። እነዚሁ ሊቃውንት ባንጻሩ ስሌት ከባድ መሆኑ ሊጠቅም እንደሚችልም አሰቡ፤ ተንኰለኛው መራጭ እንዴት እንደሚያታልል ማስላት ካቃተው ደንቡ ይጠበቃል በማለት። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ግን ይህ አጥር የሚጸናው በጣም በተወሳሰበው ጊዜ እንጂ በተለመደው ምርጫ ላይሆን እንደሚችል አስገነዘቡ። ክርክሩ ዛሬም ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ በ2022 በአሜሪካ በአላስካ የተደረገውን የማሟያ ምርጫ እንመልከት። መራጮቹ እጩዎችን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ኒክ ቤጊች ሦስተኛ ወጥቶ ተሰረዘ፤ በመጨረሻም ሜሪ ፔልቶላ ሣራ ፔሊንን 91,266 ለ86,026 አሸነፈች። የድምፅ ወረቀቶቹ ቈጠራ ለሕዝብ ታትሞ ስለ ነበር ተመራማሪዎች ሁለት ሁለቱን እያጋጠሙ መዘኑት። ቤጊች ፔልቶላንም ፔሊንንም ለብቻ ለብቻ ቢገጥም ይረታ ነበር። በምሳሌያችን ያየነው የጎንደር ዕጣ በእውነተኛ ምርጫ ደረሰ ማለት ነው። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበር ፔልቶላ በሕጉ መሠረት አሸናፊ ናት፤ ሆኖም ደንቡ ምን እንደሚያደርግ መታወቁ ይበጃል።

አሁን ወደ ገንዘብ እንምጣ፤ የኅብረት ጠብ የሚበዛው ከዚያ ነውና። 100 አባሎች 10,000 ብር ለልዩ ልዩ ሥራ ያደላሉ እንበል። 60ዎቹ የሚወዱት ስፖርት፥ 40ዎቹ የሚወዱት መጻሕፍት ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕቅድ በተራ ይገዛ ብንል የስፖርቱ ዕቅዶች ገንዘቡን ሁሉ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ 40ዎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በፒተርስና በስኮቭሮን የተነደፈው የእኩል ድርሻ ዘዴ ግን ለእያንዳንዱ አባል 100 ብር በስሙ ይይዝለታል። አንድ ዕቅድ የሚገዛው ደጋፊዎቹ ከየድርሻቸው ወጪውን ሊሸፍኑ ሲችሉ ነው፤ ለያንዳንዱ ደጋፊ የሚደርሰው ወጪ አነስተኛ የሆነው ዕቅድ ይቀድማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው ነው። ድርሻቸውን የጨረሱት ሰዎች በሌላው ድርሻ ሊገዙ አይችሉም፤ ስለዚህ 40ዎቹ የ4,000 ብር ኀይል ይኖራቸዋል። በ2023 በፖላንድ የቪየሊችካ ከተማ፥ በስዊስም የአራው ከተማ በዚህ ዘዴ ተጠቅመዋል።

ይህም ቢሆን ያልተፈታ ጥያቄ ይከተለዋል። አባላቱ የሚደግፏቸውን እጩዎች ብቻ ምልክት በሚያደርጉበት የኮሚቴ ምርጫ፥ ማናቸውም ቡድን በቍጥሩ ልክ የሚገባውን ወንበር ይዞ ቢገነጠል ሁሉም አባሎቹ ከፊተኛው የበለጠ የማይጠቀሙበት ኮሚቴ ሁልጊዜ ይገኛልን? ጥያቄው በጥቂት ቃል ይነገራል፤ መልሱ ግን ብዙ ሊቃውንትን ለዓመታት አስቸግሯል። የሒሳብ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቢሞክሩት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

ለኅብረታችን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የአቈጣጠሩ ደንብ እጩዎች ከመጠቈማቸው በፊት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ስማቸው ከታወቀ በኋላ ደንብ መምረጥ ሰውን በስውር መምረጥ ነውና። ሁለተኛ፥ ለክበቦች የሚታደለው ገንዘብ በብዙዎቹ ብቻ እንዳይወሰድ የእኩል ድርሻው ዘዴ ይሞከር። ሦስተኛ፥ ቈጠራው ማንም ደግሞ ሊያጣራው በሚችል መልክ ይውጣ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ እጩዎች ሲበዙ አንድ ሰው የጻፈው ረጅም ቅደም ተከተል እንደ ፊርማ ሊያስታውቀው ስለሚችል፥ የሁለት ሁለቱ ድምር ብቻ ቢታተም ይሻላል።

ደንቡ የሚፈተነው በተሸነፈው ሰው ነው። የተሸነፈው ወገን ቈጠራውን ራሱ ደግሞ ሠርቶ፥ «ተሸንፌአለሁ፤ አልተበደልሁም» ለማለት ከቻለ ኅብረቱ ይጸናል።