ድንጋዩ በቦታው ሲመሰክር
(በናይሮቢ፥ ኪሌሌሽዋ ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ተማሪዎቻችንን ወደ ቤተ መዘክር ይዘን ስንሄድ ጉዞው ብዙ ጊዜ እንደ ሽርሽር ይቈጠራል። ልጆቹ በመስታወቱ ፊት ተሰልፈው ያልፋሉ፤ የተለጠፈውንም ጽሑፍ በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ ነገር ግን አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ ይመለሳሉ። ይህ ልማድ ሊለወጥ እንደሚገባው ዛሬ ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

ከዚህ ከኪሌሌሽዋ ተነሥቶ በማጋዲ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ስምጥ ሸለቆ የወረደ ሰው ኦሎርጌሳይሊን ያገኛል። ሉዊስ ሊኪና ባለቤታቸው ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. ጥናት የጀመሩበት ይህ ሥፍራ በጥንት ዘመን ሐይቅ ነበረበት። የጥንት ሰዎችም ከ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በሁለት ወገን የተጠረቡ የድንጋይ መጥረቢያዎች ሠርተውበታል። የሚደነቀው ግን እጅግ ብዙ መጥረቢያዎች በተገኙበት መሬት ላይ እንደ ተጋደሙ መተዋቸው ነው። ጎብኚው በላያቸው በተዘረጋው መተላለፊያ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታቸዋል።

ከዚህ አሠራር መምህር ብዙ ይማራል። ድንጋዩ በሣጥን ብቻውን ሲቀመጥ መሣሪያ መሆኑን ብቻ ይነግረናል። ከእንስሳት አጥንት አጠገብ፥ በአፈሩ ድርብርብ ውስጥ ሲታይ ግን ስለ ዘመኑና ስለ ሠሪው ኑሮ ይመሰክራል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቁት፥ ከ300,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የነበሩ ሰዎች የተጠቀሙበት ባልጩት ከ25 እስከ 95 ኪሎ ሜትር ርቀት የመጣ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ ለማስታወሻ ብሎ ከዚያ ጠጠር በኪሱ ቢከት ከመጽሐፍ አንድ ገጽ እንደ ቀደደ ይቈጠራል።

በአገራችንም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ይህም ሥፍራ ባልጩት ከሚወጣበት ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙም ከቁፋሮው ሥፍራ አይርቅም።

በመምህራን ማሠልጠኛ የምናስተምር ሰዎች ኀላፊነታችን ድርብ ነው፤ እኛ ያሳየነውን ልማድ ሠልጣኙ ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳልና። ስለዚህ ከጉብኝቱ በፊት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ እንስጠው፤ ይህ ድንጋይ ከየት መጣ? ማን ጠረበው? ስለምን እዚህ ቀረ? በሥፍራው ሳይነካ ይመልከት፤ ይሣል፤ ይቍጠር። ወደ ክፍል ሲመለስም በዓይኑ ያየውንና በልቡ የገመተውን ለይቶ ይናገር። ተማሪውን ማስረጃን ከግምት መለየት ያስቻለ መምህር፥ የዘመናትን ቍጥር በቃል ከማስያዝ የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል።