ከባድ ቃል የማን ነው?



ታሪኩን ከሥልጣነ ክህነቱ ከተሻረ አንድ እንግሊዛዊ ልጀምር። ሮበርት ካውድሪ ይባላል፤ በፒዩሪታን አቋሙ የተነሳ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ የታገደ፣ በመምህርነትም የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1604 ለንደን ላይ ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያዋ ባለ አንድ ቋንቋ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ትባላለች። የያዘችው 2,500 ያህል ቃላት ሲሆን፣ ሁሉም ከባድ የተባሉ፣ አብዛኞቹም ከላቲን፣ ከግሪክ፣ ከዕብራይስጥና ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው። የተማረው ወገን ንግግሩን በላቲን ሲያስጌጥ፣ የላቲን ትምህርት ቤት በር የተዘጋባቸው ሴቶች ስብከቱም መጽሐፉም ይከብዳቸው ነበር። ካውድሪ መጽሐፉ ለእነሱና ለሌላውም ላልተማረ ሰው መሆኑን በርዕስ ገጹ ላይ አስፍሯል። በመግቢያውም አንባቢው የፊደሉን ተራ በቃሉ እንዲይዝ ይመክራል። በፊደል ተራ ቃል መፈለግ ያን ጊዜ ገና የሚለመድ ጥበብ ነበር!



ከባድ ቃል ግን የክብር ምልክትነቱ አልቀረም። በ1949 አሜሪካዊው ኖርማን ልዊስ የላቲንና የግሪክ ሥሮችን እያስያዘ ቃል የሚያስጠና መጽሐፍ አወጣ፤ ዛሬም ይሸጣል። እኛም ዘንድ መዝገበ ቃላት የሸመደደ ተማሪ ሲደነቅ አይተናል። እኔ አላደንቀውም።

ምክንያቴን ያገኘሁት ከማይክል ዌስት ነው። ይህ መምህር በ1920ዎቹ ዳካ ውስጥ ሲሠራ፣ ተማሪዎቹን ያሰናከላቸው በየገጹ የሚጎርፈው ብርቅ ቃል መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ብርቁን በተለመደው ተካ፤ አዲስ ቃልም በመጠን እያስገባ፣ ደጋግሞ እያመጣ የንባብ መጻሕፍት አዘጋጀ። በ1953 ያሳተመው ዝርዝር 2,000 ያህል ተዘውታሪ ቃላትን ይዟል።

ኒውዚላንዳዊቷ አቬሪል ኮክስሄድ ከዚያ ቀጠለች። የ3.5 ሚሊዮን ቃላት የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ሰብስባ፣ የዌስትን ቃላት ወደ ጎን ትታ፣ በ2000 የ570 የቃል ቤተሰቦች (የቃል ቤተሰብ ማለት አንድ ቃል ከነርቢዎቹ ነው) ዝርዝር አወጣች። ከአካዳሚያዊ ጽሑፍ አንድ አሥረኛውን ያህል የሚሸፍኑት እነዚህ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ይረዝማል። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2006 ባወጣው ስሌት፣ ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። ይህን ያህል ዝርዝር ሸምድዶ የሚዘልቅ ጥቂት ነው፤ ብርቅ ቃል ብዙ ካልተነበበ ደግሞ ተመልሶ አይገጥምም። ለዚህም ነው ደረጃቸው የተመጠነ የንባብ መጻሕፍት ዛሬም ዌስት ዳካ ላይ በተከተለው ስልት የሚዘጋጁት።