ሁለት ቁና በስፖርት ዜና

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዋጃ ገበያ ማሽላ የሚሸጥ ሰው አንዱን ለዘመድ፥ ሌላውን ለባዳ የሚሰፍርበት ሁለት ቁና ይዞ ቢገኝ፥ ነውሩን የሚነግረው ሰው አይጠፋም። የትኛው ቁና ትክክል ነው ተብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ቁናው ሁለት መሆኑ ራሱ ጥፋት ነው። ዛሬ በዚህ የደስታ ቀን ልንናገርበት የመረጥነው በስፖርት ዜና ውስጥ ስላለው ሁለት ቁና ነው። ጉዳዩም አበረታች መድኃኒት፥ በተለይ ስቴሮይድ የሚባለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስቴሮይድ ምንድን ነው ቢባል፥ ከወንድ ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል፥ ጡንቻን የሚያሳድግና ከልምምድ ድካም ቶሎ የሚያነሣ መድኃኒት ነው። ሐኪም ለበሽተኛ ሲያዝዘው ይጠቅማል። ጤነኛ ሰው ለውድድር ሲወስደው ግን ልብንና ጉበትን ይጎዳል፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ወጣት ቢወስደው ደግሞ የአጥንቱ ዕድገት ያለ ጊዜው ሊቆም ይችላል። ጉዳቱ በሯጭም በኳስ ተጫዋችም ሰውነት ላይ ያው ነው። የሚለያየው የዜናው አነጋገር ነው።

በ1998 በአሜሪካ አገር፥ ኳስ በዱላ በሚመታበት በቤዝቦል ጨዋታ፥ ማርክ ማግዋየር የሚባል ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን 70 ጊዜ ኳሱን ከሜዳ ውጭ በመምታት ከ1961 ጀምሮ የቆየውን የ61 ምት ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጋዜጠኛ በተጫዋቹ የልብስ ሣጥን ውስጥ አንድሮስቴንዲዮን የተባለ፥ በሰውነት ውስጥ ወደ ወንድ ሆርሞን የሚለወጥ መድኃኒት አይቶ ጽፎ ነበር። መድኃኒቱ በኦሊምፒክ የተከለከለ ቢሆንም በቤዝቦል ሊግ ደንብ ገና አልተከለከለም። ታዲያ ብዙዎች የወቀሱት ተጫዋቹን ሳይሆን ወሬውን የጻፈውን ሰው ነበር። ማግዋየር ስቴሮይድ ይወስድ እንደ ነበር በገዛ አፉ ያመነው በ2010 ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልጅ እንምጣ። ነሐሴ 12 ቀን 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰኮንድ ሮጣ፥ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቱን የዋንግ ጁንሺያን ክብረ ወሰን ከ14 ሰኮንድ በላይ አሻሻለች። በልብስ ሣጥኗ የተገኘ ነገር አልነበረም፤ በምርመራም የተገኘባት አልነበረም። ይሁን እንጂ ገና በዚያው ቀን ጥርጣሬ ተነገረባት። እርሷም ኃይሌ ልምምዴና ኢየሱስ ናቸው የሚል መልስ ሰጠች። እስከ ዛሬም በዚህ ነገር ጥፋተኛ የሚያሰኝ ውሳኔ አልተሰጠባትም።

ጥያቄ መጠየቁ ጥፋት ነው አንልም። ከዓመት በፊት የሩሲያ አትሌቲክስ ምስጢር ወጥቶ ነበርና ጋዜጠኛ ቢጠራጠር አይደንቅም። በዚያው በ2016 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ኢትዮጵያን ምርመራቸውን በአስቸኳይ ማጠንከር ካለባቸው 5 አገሮች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ነገር ግን በአንዱ ቤት መድኃኒቱ በዓይን ታይቶ ዝም ከተባለ፥ በሌላው ቤት ምንም ሳይታይ የሚጮኽ ከሆነ፥ ይህ የእውነት ፍለጋ ሳይሆን ሁለት ቁና ነው።

በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ቁናው ከሊግ ወደ ሊግ ይለወጣል። በ2006 ሻን ሜሪማን የተባለ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ስቴሮይድ በምርመራ ተገኝቶበት ለ4 ጨዋታ ብቻ ታገደ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ግን ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ሊጉም ደንቡን ያሻሻለው ከዚያ በኋላ ነው። በቤዝቦል በኩል ደግሞ 762 ጊዜ ኳስ ከሜዳ ያወጣውን ባሪ ቦንድስን የስፖርት ጸሐፊዎች በስቴሮይድ ምክንያት እስከ 2022 ድረስ ለ10 ዓመት ወደ ክብር አዳራሹ እንዳይገባ በድምፃቸው አገዱት። በአትሌቲክስ ከ2015 ወዲህ ስቴሮይድ የተገኘበት ሯጭ በደንቡ 4 ዓመት ይታገዳል። በአንድ ሜዳ አራት ጨዋታ፥ በሌላው አራት ዓመት!

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? አንደኛ፥ ሯጮች የሚዳኙት በዓለም አቀፍ ሕግ ሲሆን፥ ታላላቆቹ የአሜሪካ ሊጎች ግን ቅጣታቸውን የሚወስኑት ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ተደራድረው ነው። ሁለተኛ፥ ዕለት ዕለት ስለ አንድ ሊግ የሚጽፍ ጋዜጣ እንጀራው ከሊጉ ጋር የተያያዘ ነው። በ1994 ቤዝቦል በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት የዓመቱን ፍጻሜ ውድድር ሠርዞ ተመልካቹ ተከፍቶ ነበር፤ በ1998 ሕዝቡ በደስታ ሲመለስ ደስታውን ሊያደፈርስ የሚወድ ጥቂት ሆነ። ሦስተኛ፥ ሰው የራሱን ወገን ማመን፥ የሩቁን መጠራጠር ይቀለዋል።

ይህ ሦስተኛው እኛንም ይመለከታል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና። በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ አንደኛ፥ ለቱርክ የሮጠችው የኢትዮጵያ ተወላጅ ኤልቫን አቤይለገሰ ሁለተኛ፥ መሠረት ደፋር ሦስተኛ ወጡ። በ2017 ኤልቫን አስቀድሞ በ2007 የሰጠችው ናሙና እንደገና ተመርምሮ ስቴሮይድ ስለ ተገኘበት ውጤቷ ተሠረዘ፤ የብሩም ደረጃ ለመሠረት ተላለፈ። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ያለፈበት ሜዳሊያ፥ በዚያች ሌሊት በስታዲዮሙ የቀረውን ጭብጨባ አይመልስም። አታላይዋም ተበዳይዋም የተወለዱት በዚህችው በአገራችን ምድር ነው። ስለዚህ የወገን ልጅ ናት ብለን የምንሸፍነው ጥፋት፥ ሌላዋን የወገን ልጅ የሚዘርፍ መሆኑን እንወቅ።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ በራያ ሜዳ ማለዳ ተነሥተው የሚሮጡ ጓደኞች አሉን። የሩጫ ዜና ስንሰማ ወይም ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የቀረበው ማስረጃ ምንድን ነው? ይኸው ነገር በሌላ ሊግ ወይም በሌላ አገር ሰው ላይ ቢገኝ እንዲሁ ይባል ነበርን? ክሱ በተነገረበት ድምፅ ነጻ መውጣቱስ ይነገራልን? መምህሮቻችንም ይህን ጥያቄ በክፍል እንዲያለማምዱን፥ ወላጆቻችንም ልጃቸው ከሐኪም ያልታዘዘ የኃይል ክኒን ይዞ ቢያገኙት ለሜዳሊያ ነው ብለው እንዳያልፉት እንለምናለን። ለሁሉም አንድ ቁና ይኑረን፤ እርሱንም አስቀድመን ለራሳችን እንስፈርበት።