ከግንቡ በፊት አሠልጣኙ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባዔው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አነስተኛ የእግር ኳስ ክለቦች እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰማኝ መደነቅ ነበር። መሐንዲስ ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ግድብ ይናገር እንጂ ስለ ኳስ ምን አገባው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ጥሪው ተገቢ መሆኑን ተረዳሁ። ከመካከላችን ብዙዎቹ በየሚኖሩበት ሰፈር በስፖርት ኮሚቴ ውስጥ ያገለግላሉ፤ ያላገለገለም ቢኖር አንድ ቀን በሩ መንኳኳቱ አይቀርም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክለብ ገንዘብ ሲያገኝ መገንባት ያምረዋል፤ መገንባት ሲያምረው መሐንዲስ ይጠራል። እኔም ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት የኳስ ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን፣ የአንድ ትንሽ ክለብ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል ተብሎ ሲጠየቅ የተሳሳተ ድምፅ የሰጠ ሰው ሆኜ ነው።

የግንቡ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈሬ የሚገኝ የአንድ አነስተኛ ክለብ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ክለቡ ከዋናው ቡድን ሌላ፣ በተለምዶ «ፕሮጀክት» የምንለው፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 24 ልጆች ያሉበት ቡድን ነበረው። ከአባላት መዋጮና ከበጎ አድራጊዎች ጥቂት ገንዘብ ስለ ተሰበሰበ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው በሜዳው በአንድ ወገን የብሎኬት አጥርና አምስት ደረጃ ያለው የአርማታ መቀመጫ እንዲሠራ የሚል ነበር። ሁለተኛውን ያቀረበው የልጆቹ አሠልጣኝ ነው። ቀን በሥራው ላይ ውሎ ማታ ማታ ያለ ክፍያ ልጆቹን የሚያሠለጥን ወጣት ነበር። የጠየቀው የመጀመሪያ ደረጃ የአሠልጣኝነት ኮርስ የሚከታተልበት ገንዘብ፣ ለመጓጓዣ የሚሆን አነስተኛ አበልና ጥቂት ኳሶች ነበር።

ንድፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሥራ ዝርዝሩንና የዋጋ ግምቱንም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ገንዘቡ ለግንቡ በጠባቡ የሚበቃ ስለ ነበር፣ የልጆቹ ጉዳይ ለከርሞ ይደር ተባለ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። ግንቡ ያምራል። መሠረቱ አልሰመጠም፣ ብሎኬቱም አልተሰነጠቀም። ወጣቱ ግን ከርሞ አልጠበቀንም፤ በሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በምትኩ ልጆቹን የተረከበው በጐ ፈቃድ ያለው የቀድሞ ተጫዋች፣ እርሱ በልጅነቱ የተማረውን ይኸውም ሩጫና ቁጣን አስተማረ። ከልጆቹ አንዱ፣ በ13 ዓመቱ ቁመቱ በድንገት የመዘዘ ልጅ፣ ጉልበቴን አመመኝ ሲል «ሰነፍ» ተባለና ሜዳውን አሥር ጊዜ እንዲዞር ታዘዘ። በሁለተኛው ወር ልጁ ታኬታውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ ቀረ። ዓመቱ ሳይሞላ ከ24ቱ ልጆች በሜዳው የቀሩት 9 ብቻ ነበሩ።

ወደ ኋላ ተመልሼ ግምቱን ስመረምረው፣ ከአምስቱ ደረጃዎች አንዱን ብቀንስ ኖሮ የወጣቱ ጥያቄ በሙሉ ይሸፈን እንደ ነበር ተገነዘብኩ። ይህን ስሌት የሠራሁት ግን ከዘገየ በኋላ ነው።

የሠለጠነ አሠልጣኝ ምን ያውቃል?

አንዳንድ ሰዎች «ልጅን ኳስ ማጫወት ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል? ኳስ ከሰጠኸው ራሱ ይጫወታል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ሥልጠና የሚያመጣውን ልዩነት በሦስት ነገሮች ማሳየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የጊዜ አጠቃቀም ነው። ያልሠለጠነ ሰው 24ቱን ልጆች በአንድ ሰልፍ አቁሞ ተራ በተራ ወደ ጎል ያስመታል። ኳሷን መልሶ ማምጣቱ ጭምር ለአንድ ምት 20 ሴኮንድ ቢወስድ፣ ተራው አንድ ጊዜ እስኪዞር 8 ደቂቃ ያልፋል፤ በ40 ደቂቃም እያንዳንዱ ልጅ ኳስ የሚመታው 5 ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ያሳልፈዋል። የሠለጠነው ግን ልጆቹን በአራት በአራት ከፍሎ ለስድስቱም ቡድን አንዳንድ ኳስ ይሰጣል። በዚያው በ40 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ 30 ጊዜ ይመታል። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ነው፤ ያስከተለው ወጪ ግን አምስት ተጨማሪ ኳሶችና አከፋፈሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሙያችን በዚህ ወጪ ይህን ያህል ውጤት የሚሰጥ ሥራ ማግኘታችን ያጠራጥረኛል።

ሁለተኛው የልጁን አካል ማወቅ ነው። በፍጥነት በሚያድግ ልጅ ላይ፣ ከጉልበቱ ሎሚ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ስፍራ የሚሰማ ሕመም አለ። ልጁ ብዙ በሮጠና በዘለለ ቁጥር ይብስበታል፤ ሥራው ሲቀነስለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድገቱ ጋር ያልፋል። ይህን የተማረ አሠልጣኝ ልጁን ያሳርፈዋል እንጂ ሰነፍ አይለውም። ከዚህም ሌላ ፊፋ ያስፋፋው «አሥራ አንድ ፕላስ» የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ፤ 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድና ምንም ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ነው። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀው ዓይነት በአራት የአውሮፓ አገሮች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት መሠረት የጉዳት መጠንን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ይህ ዕውቀት በነፃ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን ከወረቀት ወደ ሜዳ የሚያወርደው ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛው ምርጫ ነው። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል በዓመቱ መጀመሪያና በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱት በ11 ወር ያህል ሊበላለጡ ይችላሉ፤ ይህም ከዕድሜያቸው አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው። ዐይን ግን ትልቁን ልጅ «ጎበዝ» ትንሹን «ደካማ» እያለ ይመርጣል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከድርሻቸው በላይ እንደሚገኙ አሳይተዋል። ያልሠለጠነ መራጭ ቁመትን ከችሎታ ሳይለይ፣ ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ ገና ሳያብብ ይጥለዋል።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው ነው። እኛም በሙያችን የምናውቀው ነገር ነው። አርማታ በተሞላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ካልጠጣ፣ ሲሚንቶው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የታሰበለትን ጥንካሬ አያገኝም፤ በኋላ የሚፈስበት ውሃም የቀረውን ሙሉ በሙሉ አይመልስለትም።

የአይስላንድ ምሳሌ

ሕዝቧ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ330,000 ብዙም የማይበልጠውን የአይስላንድን ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ኒስ ከተማ ላይ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ለሩብ ፍጻሜ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለዓለም ዋንጫ በመድረስ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከደረሱት አገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትንሿ ሆነች።

ይህ በአንድ ምክንያት ብቻ የመጣ ነው ብል ስሕተት ይሆንብኛል። አይስላንዶች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ክረምቱን የሚቋቋሙ ጣሪያ ያላቸው ሜዳዎች ሠርተዋል። ስለዚህ ግንብ አያስፈልግም የምል አይምሰላችሁ። ነገር ግን ከግንባታው ጐን ለጐን በመቶዎች የሚቆጠሩ አሠልጣኞችን በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ደረጃ አሠልጥነው በየመንደሩ ክለብ አሰማሩ። በዚያ አገር የሕፃናት አሠልጣኝ እንደ ሙያተኛ ክፍያ ያገኛል። ከብሔራዊ ቡድኑ ሁለት ዋና አሠልጣኞች አንዱ የነበረው ሄይሚር ሃልግሪምሶን በሙያው የጥርስ ሐኪም ሲሆን፣ ቀድሞ ያሠለጥን የነበረው አራት ሺህ ያህል ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች፣ በቬስትማናይያር፣ የሚገኘውን ክለብ ሴቶችና ወንዶች ነበር። ሌላ ሙያ ያለው ሰው በትንሽ ክለብ ውስጥ በሥርዓት ሠልጥኖ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ቡድኑን ያሠለጥኑ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ እምብዛም አያኰራም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተሳተፍን በኋላ እንደገና ለዋንጫው የደረስነው በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው፤ በመካከሉ 31 ዓመታት አልፈዋል። ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ተገኝተናል።

የዚህን ምክንያት ሁሉ ልዘረዝር አልችልም። አንድ ነገር ግን ከሙያችን ጋር ስለሚገናኝ ላንሣው። ቀደም ባለው ዘመን የከተማ ልጅ ኳስን የተማረው በሰፊ ሜዳ ላይ በጨርቅ ኳስ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ይጫወታል፤ ሜዳው ራሱ አሠልጣኙ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ያ ክፍት ቦታ በአመዛኙ መንገድና ሕንፃ ሆኗል፤ የሠራነውም እኛ ነን። ልማቱ አስፈላጊ ነበር፤ ነገር ግን ሜዳው በነፃ ያስተምረው የነበረውን ዕውቀት አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የዛሬው ልጅ ከአያቱ ይልቅ የሠለጠነ አሠልጣኝ የሚያስፈልገው።

ገንዘቡ እንዴት ይዋል?

በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ «ካሠለጠንነው በኋላ ጥሎን ይሄዳል» የሚል ነው። የእኛ ወጣት ግን ሳናሠለጥነውም ሄዷል። በየመሥሪያ ቤታችንም አዲስ ምሩቃንን እናሠለጥናለን፤ ጥቂቶቹ ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት ማሠልጠን ያቆመ መሥሪያ ቤት ግን አላየሁም። መፍትሔው ሥራውን በአንድ ሰው ላይ አለመጣል ነው። በመጀመሪያ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ ሴት ልጆችም ወደ ሜዳው ይመጣሉ። ሁለተኛ፣ የየዕለቱ ልምምድ በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም የክለቡ ንብረት ይሁን። ሦስተኛ፣ አነስተኛም ቢሆን ቋሚ አበል ይቆረጥ፤ የኮርስ ገንዘብ ብቻ ሰጥቶ ለታክሲ የሚከፍለውን የሚነፍግ ክለብ መሠረት አውጥቶ ግድግዳውን እንደ ተወ ሰው ነው። አራተኛ፣ የሠለጠነው ሰው ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ይታሰብ፤ የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ደረጃዎች ከዲ ተነሥተው በሲ፣ በቢና በኤ በኩል እስከ ፕሮ ስለሚደርሱ መሰላሉ ተዘርግቷል።

ስለ ገቢም ጥቂት ልበል። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዛወር፣ ከዋጋው 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላሉት አራት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የሚደርሰው የዋጋው 0.25 በመቶ ነው። ተጫዋቹ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር እነዚያን አራት ዓመታት ያሳደገው ክለብ 10,000 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ይህን የሚያገኘው ግን ልጁን በወቅቱ በሕግ ያስመዘገበ ክለብ ነው፤ ስለዚህ ምዝገባው አይዘንጋ። ሆኖም በዚህ ተስፋ በጀት የሚያወጣ ኮሚቴ ሎተሪ ቆርጦ ቤት እንደሚጀምር ሰው ነው። ከሚያድጉት ልጆች አብዛኞቹ በኳስ አይተዳደሩም። የሥልጠናው እውነተኛ ትርፍ ጤናማ ሆኖ፣ ተስፋ ሳይቆርጥና ሳይዋረድ እስከ ጕልማሳነቱ በሜዳው የሚቆየው ልጅ ነው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከዚህ የተነሣ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንድ ክለብ የአጥር፣ የመልበሻ ቤት ወይም የመቀመጫ ንድፍ እንድትሠሩለት ሲጠይቃችሁ፣ ሜዳውን ከመለካታችሁ በፊት «ልጆቹን የሚያሠለጥነው ማነው? ምንስ ተምሯል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዋጋ ግምቱም ውስጥ ከሲሚንቶውና ከፌሮው ቀጥሎ «የታዳጊዎች አሠልጣኞች ሥልጠናና አበል» የሚል አንድ መስመር አስገቡ፤ ከጠቅላላው ወጪ አንድ አሥረኛ ቢሆን ብዙ አይደለም። ኮሚቴው ገንዘብ አይበቃም ካለ፣ የትኛው ደረጃ እንደሚቀነስ ልናሳየው የምንችለው እኛው ነን።

በእኛ ክለብ ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች ኮርስ ተከታትለው ሥራ ጀምረዋል፤ አንዷ የስፖርት መምህርት ናት። ልጆቹም ቀስ በቀስ እየተመለሱ ነው። ጉልበቱን ያመመው ልጅ ግን አድጎ አልፏል። በቅርቡ እሑድ ጠዋት ከላይኛው የአርማታ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ታናሽ ወንድሙን ሲመለከት አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግንቡን የሠራሁት እኔ መሆኔን ያውቅ ስለ ነበር በትሕትና «መቀመጫው ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መቀመጫው ጥሩ ነው። የእርሱ ቦታ ግን እዚያ አልነበረም።