ከሙያው ውጭ የተሰለፈ ተጫዋች፦ በተሸነፈ ጨዋታ ውስጥ የአሰልጣኝ ውሳኔና ምክንያቱ

(ለስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን በጎንደር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)





ንግግሬን ከአንድ ቀን ልጀምር። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። ጎንደር የጥምቀትን በዓል ካከበረች ገና አሥር ቀኗ ነበር። በዚያ ምሽት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በደቡብ አፍሪካዋ ረስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር ይጫወት ነበር። አገራችን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ ስለ ነበር ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ነበር። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን እስከ 80ኛው ደቂቃ ያለ ግብ ቆየ፤ ከዚያ ቪክተር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ በረኛው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ከሜዳ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ነበር። ስለዚህ አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ በግቡ መስመር ላይ ቆመ። ሞሰስ አስቆጠረ፤ ጨዋታው 2 ለ 0 ተጠናቀቀ።

ያን ውድድር ለጉዳያችን ልዩ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ከዛምቢያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ዘሪሁን ታደለ ተተካ። ሦስተኛው በረኛ ሲሳይ ነበር። እንግዲህ በሦስት ጨዋታ ውስጥ አራተኛው በረኛችን አማካይ ነበር ማለት ነው።

ያን ምሽት በአዲስ ሕንፃ የሳቀ ሰው አላየሁም። ቡድኑን የወቀሱ ነበሩ፤ ዳኛውን የወቀሱም ነበሩ። ጓንት ያጠለቀውን አማካይ ግን ማንም አልወቀሰም። ለምን ይመስላችኋል? መልሱ ቀላል ነው፦ ለምን እዚያ እንደ ቆመ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አንድን ተጫዋች ከሙያው ውጭ ማሰለፍ በራሱ ክብርም ውርደትም አይደለም። ክብር ወይም ውርደት የሚያደርገው፣ ምክንያቱ በተጫዋቾቹ ዘንድ መታወቁ ወይም አለመታወቁ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከእኛ ሜዳ ርቄ ወደ አሜሪካ ልሂድ፤ እዚያ ይህ ድርጊት የተለመደ፣ ከዚያም አልፎ ሕግ የወጣለት ነውና። ቤዝቦልን አብዛኞቻችን የምናውቀው በፊልም ስለ ሆነ፣ ለጉዳያችን የሚያስፈልገውን ብቻ አብራራለሁ። በሜዳ ከሚሰለፉት ዘጠኝ ተጫዋቾች አንዱ ወርዋሪ ነው። እርሱ 18.44 ሜትር ርቆ፣ በትር ይዞ ለሚጠብቀው መቺ ኳስ ይወረውራል። በከፍተኛው ሊግ የአንድ ጥሩ ወርዋሪ ፈጣን ኳስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሰው ክንድ ለዚህ አልተፈጠረም። በክርን ውስጥ ያለው ጅማት በእያንዳንዱ ውርወራ ይወጠራል፤ ስለዚህ ጨዋታ ጀምሮ መቶ ያህል ጊዜ የወረወረ ሰው እንደ ልማዱ አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል። ሊጉ ደግሞ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ 162 ጨዋታ ያስኬዳል። የቡድኑ ትልቁ ሀብት፣ ቶሎ የሚያልቀውም ሀብት፣ የወርዋሪዎቹ ክንድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እግር ኳስ 90 ደቂቃ ሲሞላ ለተሸናፊው ይራራለታል፤ ቤዝቦል ግን ማብቂያውን የሚወስን ሰዓት የለውም። ተሸናፊው ቡድን በእያንዳንዱ ዙር ሦስት የተጋጣሚ መቺዎችን እስኪያስወጣ ድረስ መወርወር አለበት። 15 ለ 1 ቢመራም የሚወረውር ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ አሰልጣኙ አንድ ስሌት ይሠራል፦ የዛሬው ጨዋታ ጠፍቷል፤ የነገው ግን አልጠፋም። ስለዚህ የነገውን ክንድ ዛሬ አላባክንም ይላል። ከዚያም ወርዋሪ ያልሆነ ተጫዋች፣ የሜዳውን ጠርዝ የሚጠብቅ ወይም ኳስ የሚቀልብ፣ ወደ መወርወሪያው ጉብታ ይወጣል። ኳሱን ቀስ አድርጎ ይለቃታል። ተመልካቹ ፈገግ ይላል፤ ጓደኞቹም ያበረታቱታል። ማንም «ይህ ሰው ተቀጣ» አይልም። ልማዱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራልና።

ይህ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የቴክሳስ ሬንጀርስ ታዋቂ መቺ ሆሴ ካንሴኮ፣ ቡድኑ በቦስተን 15 ለ 1 በተሸነፈበት ጨዋታ ለአንድ ዙር ወጥቶ 33 ጊዜ ወረወረ። ክርኑ ተጎዳ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የውድድር ዘመኑም በዚያው አበቃ። የሌሎችን ክንድ ለማትረፍ የወጣው ሰው የራሱን ክንድ ከፈለ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፦ ከሙያው ውጭ የሚሰለፍ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው ማሸነፍ ሳይሆን ራሱን አለመጉዳት ነው፤ ይህን የሚነግረው ደግሞ አሰልጣኙ ነው።

ልማዱ እየበዛ ሲሄድ ሊጉ ወሰን አበጀለት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ ወርዋሪ ያልሆነ ተጫዋች ሊወረውር የሚችለው ቡድኑ በ8 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ እየተመራ ከሆነ ነው። የሚመራው ቡድን ግን ይህን ማድረግ የሚችለው ልዩነቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ጨዋታው ዘጠነኛው ዙር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ዙር ከተሻገረ ሁለቱም ይፈቀድላቸዋል። ልብ በሉ፦ ደንቡ በተሸናፊው ላይ ላላ ይላል፤ በአሸናፊው ላይ ይጠብቃል። ተሸናፊው ሲያደርገው ራሱን ማዳኑ ነው። አሸናፊው ሲያደርገው ግን ተጋጣሚውን እንደ መናቅ ሊቆጠር ይችላል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ከማን በኩል እንደ መጣ ይለያያል።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ ልመለስ። ከዓመታት በፊት በደባርቅ አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበርሁ። በትምህርት ቤቶች ውድድር ቡድኔ ሁለተኛው አጋማሽ እንደ ተጀመረ 7 ለ 0 ይመራ ነበር። ሜዳው ደረቅና ድንጋያማ ነበር፤ በረኛዬ ብዙ ጊዜ ወድቆ ዳሌው ተልጦ ነበር። ሌላ ጨዋታ የሚጠብቀን በማግስቱ ሳልስት ነበር። እኔም በልቤ ያንኑ ስሌት ሠራሁ፦ ይህ ጨዋታ ጠፍቷል፣ ልጁን ለቀጣዩ ላትርፈው። ለዳኛው አሳውቄ በረኛውን አስወጣሁትና የግራ ተከላካዩን ጓንት አስጠለቅሁት። የነገርሁት «ና፣ ውጣ» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ሁለት ነገር ተከተለ። የግራ ተከላካዩ ቁመተ ረጅም ነበር፤ አወዳደቅን ግን ማንም አላስተማረውም። አንዲት ኳስ ሊይዝ ዘሎ በእጁ ተደግፎ ወደቀና አንጓው ተጎዳ። በረኛው ደግሞ ጓንት የሌለውን እጁን በጉልበቱ መካከል ደብቆ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በቀጣዩ ጨዋታ ቀን አልመጣም። ላተርፈው የፈለግሁለት ጨዋታ እርሱ ያልተገኘበት ጨዋታ ሆነ። ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ «ጋሼ፣ ጥፋቴ ምን ነበር?» አለኝ።

ጥፋት አልነበረውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም አከራካሪ ነው እላለሁ፤ ዝምታዬ ግን አከራካሪ አይደለም። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው እንክብካቤ ወደ ልጁ የደረሰው ቅጣት ሆኖ ነው። ምክንያቱን ስላልሰማ፣ በአካባቢያችን ዘወትር የሚሰማውን ምክንያት ራሱ ሞላበት። ያም ምክንያት «አልቻልህም» የሚል ነው። በየሰፈሩ ኳስ የማይችለው፣ ትንሹ ወይም ዘግይቶ የመጣው ልጅ በር ላይ ይቆማል። በረኝነት በእኛ ዘንድ ገና ከልጅነት እንደ ቅጣት የሚሰጥ ቦታ ነው። ሊጋችን ለዓመታት ከውጭ በመጡ በረኞች መተማመኑ ብዙ ያከራከረውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የእኛው ፋሲል ከነማ እንኳ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በሩን የጠበቀው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። የሳማኬን ችሎታ እናደንቃለን፤ ነገር ግን በሰፈራችን በር ላይ የምናቆመውን ልጅ እንዴት እንደምንይዘውም እንጠይቅ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ፊሽካ በሙሉ ኃይል መደረግ አለበት የሚል ነው። ይህን አከብራለሁ፤ በቤዝቦልም ልማዱን «ተመልካቹ የከፈለው ቀልድ ለማየት አይደለም» ብለው የሚነቅፉ አሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ቤዝቦል የሊግ ደረጃን የሚወስነው በማሸነፍና በመሸነፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ 15 ለ 1 መሸነፍና 3 ለ 2 መሸነፍ በሰንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው። በእግር ኳስ ግን የግብ ክፍያ አለ። ዛሬ በቸልታ የገባች ስምንተኛ ግብ ነገ ከምድብ ልታስቀር ትችላለች። ስለዚህ ያ ስሌት እንዳለ ወደ እኛ ሜዳ አይተላለፍም። በእግር ኳስ በረኛን ለነገ ማትረፍ የሚያዋጣው በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው፦ ልጁ ጉዳት ሲኖረው፣ ተጨማሪው ግብ ዋጋ የማይኖረው ሲሆን፣ ወይም እንደ ረስተንበርጉ ምሽት ምርጫ ሲጠፋ። እኔ በዚያ ቀን ስለ ግብ ክፍያ አላሰብሁም ነበር፤ ይህም ሌላው ስሕተቴ ነው።

ይሁን እንጂ ምክንያቱ አስቀድሞ የታወቀ ልማድ ውርደትን ወደ ጨዋታ እንደሚለውጥ ለማየት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። አባቶቻችን በገና ጨዋታ ያውቁታል። በዚያ ዕለት ጌታውና አሽከሩ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ጌታ አይቆጣም። በሌላ ቀን ጠብ የሚያስነሣው ግፊያ በገና ቀን ሳቅ ይሆናል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ሁሉም አስቀድሞ የተስማማበት ነገር መኖሩ ነው።

ነገ በየወረዳው አሰልጣኝና መምህር ለምትሆኑ ተማሪዎቼ እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ፣ ገና ማንም ሳይሸነፍ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በረኛ ማን እንደ ሆነ ለቡድኑ ንገሩ። በምን ሁኔታ ቅያሪ እንደሚደረግም በዚያን ጊዜ ወስኑ፤ በ7 ለ 0 ንዴት ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ እንክብካቤ ቢሆን እንኳ ንዴት ይመስላል። ተተኪ የምታደርጉትን የሜዳ ተጫዋች አወዳደቅ አስተምሩት፤ በአጥቂ እግር ሥር እንዳይወድቅ፣ የማይደርስባትን ኳስ እንዲተዋት ፍቀዱለት። የምትመሩ ከሆነ ተቀያሪዎቻችሁን አስገቡ፤ ዕድል ማግኘት ይገባቸዋል። አጥቂያችሁን ለጨዋታ ብላችሁ በር ላይ አታቁሙት፤ በወዲያኛው በር ያለው ልጅ ያያችኋል።

ከሁሉም በላይ ከሜዳ ለምታስወጡት ልጅ ምክንያቱን ንገሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ለሳልስቱ ጨዋታ ስለምፈልግህ ነው።» እኔ ይህን ለማለት አምስት ሰከንድ አላጣሁም ነበር። ልጁ ግን መልሱን ለማግኘት ሳምንታት ጠበቀ፤ በመጨረሻም ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀና «እንዲያ ከሆነ እሺ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ወደ በረኝነት ግን አልተመለሰም።